ትንሿ ትራስ ላስታ እንዴት ደረሰች?

ሚያዝያ 1928 ዓ.ም.። ማይጨው ላይ የተሸነፈው ጦር ተበትኗል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ግን ወደ ደሴ ከመገስገስ ይልቅ ወደ ላሊበላ ታጥፈው፣ ዳገቱን በበቅሎ ወጥተው ጸሎት ያዙ። በዚያው ሰሞን፣ ሚያዝያ 7፣ ጣሊያኖች ደሴ ገቡ። ሚያዝያ 27 ደግሞ በመኪና ሰልፍ አዲስ አበባ።

ይህን ታሪክ ስንማር የሰማነው ስለ አውሮፕላኑና ስለ መርዝ ጋዙ ነው። ስለ ኩሽኔታ ያስተማረን የለም! እስቲ የትኛውም ጋራዥ ጎራ በሉ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ሞርሳ፣ ግራሶ፣ ቦኮላ… ግማሹ ንግግር ጣሊያንኛ ነው። «ኩሽኔታ» ራሱ በባለቤቶቹ ቋንቋ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ወጣ፤ ትራሱ ግን እዚሁ ቀረ። (ሁሉም ቃል በወረራው ጊዜ ገባ አላልንም። በአስመራ በኩል የመጣም አለ፣ ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀሩ መካኒኮች ያስተማሩትም አለ።)

ዛሬ የምናወራው የሞተር ሳይክልን የኋላ ጎማ ስለሚይዘው፣ ሹካ ስለሚመስለው ክንድ ነው። ጥንት የኋላ ጎማ ከሻሲው ጋር ተጣብቆ ነበር የሚሠራው፤ ድንጋዩን የሚቀበለው የነጂው ወገብ ነበር። በእነሱ 1928 (ከእኛው 1928 ጋር እንዳይምታታባችሁ) ሞቶ ጉዚ በሞላ ላይ የሚወዛወዝ የኋላ ክንድ አወጣ። ገዢው ግን «ይሄማ ይጥለናል» ብሎ ተጠራጠረ። የፋብሪካው መሥራች ወንድም ጁሴፔ ጉዚ ሞተሩን አስነስቶ ከጣሊያን እስከ ኖርዌይ ነድቶ አሳያቸው።

በ1973 እ.ኤ.አ. ሃካን አንደርሰን የሚባል ስዊድናዊ በያማሃ የ250 ሲሲ የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ምስጢሩ ሉሲየን ቲልከንስ የተባለ ቤልጂጋዊ መሐንዲስ የፈጠረው ነጠላ ሾክ አብዞርበር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካዋሳኪ፣ ሆንዳና ሱዙኪ በክንዱና በሾኩ መሐል ተጨማሪ ማያያዣዎች ጨመሩ። ምቾት በጨመረ ቁጥር መገጣጠሚያው በዛ። መገጣጠሚያ ሲበዛ ኩሽኔታ በዛ፣ ኩሽኔታ ሲበዛ ደግሞ የግራሶው ጣጣ።

ወደ ላስታ እንመለስ። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የወልድያ–ወረታን መንገድ ሠሩ፤ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የእርዳታ ድርጅት በዛ፣ በየገጠሩም የግብርናና የጤና ባለሙያ የሚነዳው ሞተር በዛ። ላንድሮቨር የማይወጣውን ዳገት ባለሁለት ጎማው ይወጣዋል። ሞተሩ ሲሰጥ ርክክብ አለ፣ ፎቶም አለ። ግራሶ ሲቀባ ማን ፎቶ ያነሳል?

እኛም አንድ ጊዜ በተውሶ ሞተር ከጋሸና ወደ ተከዜ ሸለቆ ስንወርድ የኋላው ጎማ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዝ ጀመር። ጎማው ነፍሶ መስሎን ሁለቴ ነፋነው! ላሊበላ ስንደርስ መካኒኩ ሞተሩን አንስቶ የኋላ ጎማውን ከመሬት አላቀቀው። በአንድ እጁ ሻሲውን፣ በሌላው የክንዱን ጫፍ ይዞ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «ቀጭ» አለ። ክንዱ ጸጥ ብሎ ጎማው ብቻ ቢነቃነቅ ኖሮ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ይሆን ነበር። ቀጥሎ ጎማውንና ሾኩን ፈቶ ክንዱን ለቀቀው። ክንዱ በራሱ ክብደት ለስላሳ ሆኖ መውረድ ነበረበት፤ የኛው እንደ ወፍጮ እየተንገራገጨ ወረደ።

የጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር ይዞራል። የክንዱ ግን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ወዲህ ወዲያ ይላል። ስለዚህ መርፌ የመሰሉት ሲሊንደሮቹ ሁልጊዜ ያንኑ ቦታ እየቀጠቀጡ ይቦረቡሩታል። በጋ አቧራው፣ ክረምት ወንዝ መሻገሩ ሲታከልበት ግራሶው ታጥቦ ዝገት ይተካል። በኃይለኛ ውኃ ማሳጠብም ያው ነው፤ ውኃው ጎሚኒውን አልፎ ይገባል።

ዋናው ብሎን ዝጎ ተጣብቆ ስለነበር ናፍታ ጠጥቶ አደረ። ጠዋት መካኒኩ አሮጌውን ኩሽኔታ በሞርሳ ተጭኖ አወጣው፤ ማርትሎ ማንሳት የቃጣውን ረዳቱን ተቆጣ። በማርትሎ የገባ ኩሽኔታ ይጣመማል፣ መቀመጫውንም ይቦጭራል። መሐል ላይ የሚገባውን የብረት ቱቦ በጥፍሩ ዳሰሰው፤ ተቦርቡሯል። በተቦረቦረ ቱቦ ላይ አዲስ ኩሽኔታ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ፣ ጎሚኒውም እንዲሁ። ከዚያ ግራሶ ሳይሰሰት፣ ዳዶውም በፋብሪካው ልክ።

ዕቃው ላሊበላም ወልድያም ታጣ። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ያለ ጓደኛችን ጋ ደወልንና የኩሽኔታውን ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበብንለት። ቁጥሩ ግማሹ በዝገት ተበልቷል።