በ1847 የተገዛው ሽጉጥ፦ ጥፋቱ የማን ነበር?

በጥር 1847 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት 1,000 ስድስት ጎራሽ ሽጉጦችን ለመግዛት ከሳሙኤል ኮልት ጋር ሲዋዋል፣ ኮልት የራሱ ፋብሪካ አልነበረውም። ሥራው በኮኔቲከት በሚገኘው የታናሹ ኢላይ ዊትኒ ፋብሪካ ተከናወነ፤ ያውም የሜክሲኮ ጦርነት እያጣደፈ።

ሁለት ኪሎ ግራም የሚመዝነው ይህ ሽጉጥ ለእያንዳንዱ ጥይት ወደ 4 ግራም የሚጠጋ ባሩድ ይጎርስ ነበር። የተሠራበት ብረት ግን ያን ግፊት ሁልጊዜ አልቻለም፤ ተሽከርካሪው ጎታ በተኳሹ እጅ ላይ የፈነዳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ወታደሩ ባሩድ አብዝቶ፣ ጥይት ገልብጦ አጉርሶ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። እንዲህ ያለ ስሕተት አልተፈጸመም አልልም፤ ጥፋቱን ሁሉ በገዢው ላይ ማላከክን ግን አልቀበልም። በ1848 በወጣው የድራጎን ሞዴል ኮልት ራሱ ጎታውን አሳጥሮ የባሩዱን መጠን ቀንሷል፤ በተኩስ ንዝረት እየወደቀ ሽጉጡን ያግድ ለነበረው የመጠቅጠቂያ ዘንግም ያን ጊዜ ደህና መያዣ ተበጀለት።