ፌስቲቫሉ ሲሰረዝ ሬዲዮው ምን አደረገ?

ደብሊው ደብሊው ኦዜድ (90.7 ኤፍኤም) የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ከተማ የማህበረሰብ ሬዲዮ ነው። ከ1980 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ አየር ላይ አለ፤ ሙዚቃ የሚያጫውቱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አድማጩም ያዋጣለታል።

በ2020 የከተማዋ ታዋቂ የጃዝ ፌስቲቫል በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ጣቢያው ታዲያ ዝም አላለም። ፌስቲቫሉ ሊካሄድ በነበረባቸው 8 ቀናት፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ባለፉት ዓመታት መድረክ ላይ የተቀዱ ኮንሰርቶችን አስተላለፈ። ኤላ ፊትዝጀራልድና ስቲቪ ዎንደር በ1977 አብረው የዘፈኑትም ነበረበት። ኤላ ከሞተች በዚያን ጊዜ ወደ 24 ዓመት ሊሆናት ነበር፤ ሰው ግን ሳሎኑ ቁጭ ብሎ ሰማት። ይሄ ሁሉ የተቻለው ያኔ ቀድቶ ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ብቻ ነው።

ጣቢያው ለክፉ ቀን አዲስ አይደለም። በ2005 በካትሪና አውሎ ነፋስ ከስቱዲዮው ሲፈናቀል፣ የኒው ጀርሲው ደብሊው ኤፍ ኤም ዩ ሬዲዮ አስጠግቶት በኢንተርኔት ቀጥሏል።