ሥዕሉና እርጥቡ ሳር

ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ወጥቶ የሶዶን መንገድ የያዘ ሰው የኩልፎን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። ወንዙ መስከረም ላይ ከጋሞ ደጋ ያጠበውን አፈር ተሸክሞ፣ ደፍርሶ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይወርዳል። ግራና ቀኙ በዚያ ወር ለምለም ሳር ነው። ባለፈው መስከረም የተሻገርኩት በባጃጅ ነበር። ከሾፌሩ ፊት፣ መስታወቱ ላይ፣ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል። ጠርዙን ፀሐይ አንጥቶታል፤ ሰይፉ ደብዝዟል፤ ሁለቱ ዓይኖች ግን አሁንም ቁልጭ ብለው ያያሉ። ገብርኤልን የሚያከብር መስሎኝ ስጠይቀው ልጁ ፕሮቴስታንት መሆኑን ነገረኝ። ባጃጁ የአጎቱ ነው፤ ሥዕሉን የለጠፉትም አጎቱ ናቸው። ታዲያ ለምን አላነሣኸውም ስለው፣ የሰው አክብሮት አይላጥም አለኝ።

ይህ መልስ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ሥዕል ምንድን ነው? የሚከበረውስ ለምንድን ነው? ጥያቄው ከዚያ ልጅ ባጃጅ እስከ ንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ ድንኳን ድረስ ይዘልቃል።

ቤተ ክርስቲያን በፊቱ የሚጸለይበትን ሥዕል ሥዕለ አድኅኖ ትለዋለች። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ለጌጥ የተሰቀለ አይደለም። የቀድሞ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ ሳንቃውን ከዋንዛ ይጠርቡና ፊቱን በነጭ ልስን ያለሰልሱታል፤ ቀለሙ የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። በአገራችን የሥዕል ልማድ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለት ዓይናቸው ግልጽ ሆኖ ይሣላሉ። ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው። በሁለት ዓይን የሚያይህ ቅዱስ ከአንተ የሚሰውረው ነገር የለውም፤ አንተም ከእርሱ የምትሰውረው የለህም። እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ባለ ሁለት ገጽ ሥዕልም ነበር። ትንንሾቹ በማሰሪያ አንገት ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ጸሎት ሲደርስ ይከፈታሉ፣ ሲያበቃ ይታጠፋሉ። በቤተ ክርስቲያንም ሥዕሉ መጋረጃ ይደረግለታል። ሁልጊዜ የሚታይ ነገር ዓይን ይለምደዋልና፣ ይህ መግለጥና መሸፈን ለእኔ ትልቅ ጥበብ ነው።

የእመቤታችን ሥዕል በኢትዮጵያ እንዲህ የገነነው በ14ኛው መቶ ዘመን መገባደጃና በ15ኛው ነው። በዐፄ ዳዊት ዘመን ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ። በውስጡ ካሉት ታሪኮች አንዱ በሶርያ ያለችው የጼዴንያ ሥዕል ታሪክ ነው። ማርታ የተባለች እንግዳ ተቀባይ ሴት፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ መነኩሴ የእመቤታችንን ሥዕል ገዝቶ እንዲያመጣላት ትለምነዋለች። መነኩሴው ገዝቶ ሲመለስ በመንገድ የሥዕሏን ኃይል ያይና ለራሱ ሊያስቀራት ይመኛል፤ በመጨረሻ ግን ለማርታ ያስረክባታል። ሥዕሊቱም ቅባት ታወጣ ነበር ይላል ታሪኩ። የዚህ መታሰቢያ መስከረም 10 ነው። እኔን የሚነካኝ ከቅባቱ ይልቅ የመነኩሴው ፈተና ነው። አደራውን ሊበላ ዳር ደርሶ መመለሱ ሥዕሉ ያደረገው የመጀመሪያ ሥራ ይመስለኛል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የእመቤታችንን በዓላት አበዛ፤ ተአምሯ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብም አዘዘ። በጣና ደጋ እስጢፋኖስ ያለውን ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል የሣለው ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ የዚሁ ዘመን ሰው ነው። በዚያው ዘመን ግን ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉም። ንጉሡ ለሥዕል ያደረገው ውለታ ትልቅ ነው፤ ስግደትን በግርፋት ማስገደዱ ግን ለሥዕሉም ለእመቤታችንም ክብር አልጨመረም። ሥዕልን በከለከሉት የቢዛንታይን ነገሥታት ዘመን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ እዚያ የተገረፉት ለሥዕል የሰገዱት ናቸው። በ787 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ለሥዕል የሚደረገው አክብሮት እንጂ አምልኮ አይደለም ብሎ ለየ። የእኛ ሊቃውንትም የአምልኮ ስግደትን ከጸጋና ከአክብሮት ስግደት ይለያሉ። ባጃጅ ነጂው ልጅ ይህን ሁሉ ሳያነብ አክብሮት የሚለውን ቃል አገኘው።

ወደ ጋሞ ልመለስ። ክርስትና ለዚህ ምድር የትናንት እንግዳ አይደለም። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በስተምዕራብ ያለችው ብርብር ማርያም ከጥንታዊዎቹ የደቡብ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። በ1593 እ.ኤ.አ. ስለ ኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴና ሥርዐት የሚተርከውን አጭር የግእዝ መጽሐፍ የጻፈው አባ ባሕርይ የጋሞ ሰው ነበር። አገሩ ጋሞ እንደ ተወረረችና ንብረቱ እንደ ተዘረፈ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጽፏል፤ ከብርብር ማርያም ጋር የሚያያይዙት ተመራማሪዎችም አሉ። ከዚያ በኋላ ደጋው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ የዐፄ ምኒልክ ጦር እስኪደርስ ድረስ፣ ከሰሜኑ መንግሥት ተነጥሎ ኖረ። ጳጳስ አይመጣም፤ ከጎንደር ሠዓሊ አይወርድም። የማርያም ስም ግን አልጠፋም።

ሰሜኑ በዚያ ዘመን ሌላ ሥዕል ነበረው፤ ኵርዓተ ርእሱ ይባላል። የእሾህ አክሊል የደፋውን ጌታ የሚያሳይ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሥዕል ነው። የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምቱ ነበር፤ መኳንንትም ይምሉበት ነበር። ዳግማዊ ኢያሱ በ1744 እ.ኤ.አ. በስናር ዘመቻ ሲሸነፍ ሥዕሉ ተማረከ፤ በኋላ በቤዛ ተመለሰ። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ስትወድቅ ደግሞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ወሰደው፤ ለሙዚየሙም ሳይሰጥ ለራሱ አስቀረው። ኋላም ፖርቱጋል ገባ፤ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ከጼዴንያው መነኩሴ ጋር ሳስተያየው ያመኛል፤ ያ መነኩሴ ቢያንስ አደራውን መልሷል።

ሰሜኑ ሥዕል ይዞ ሲዘምት፣ ጋሞ ጦርን የሚያቆም ምልክት ነበረው፤ ያም ምልክት እርጥብ ሳር ነው። የጋሞ ሰው ጉዳዩን በዱቡሻ ይመክራል። ዱቡሻ አደባባይ ነው፤ ሸንጎም ነው። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ሲለምን፣ ሳሩን ረግጦ ማለፍ ጎሜ ነው። ጎሜ በአንድ የአማርኛ ቃል አይተረጎምም፤ ነውርም ነው፣ ርግማንም ነው፣ ተላላፊውን አልፎ ለቤቱና ለማሳው የሚተርፍ ጥፋት ነው። ሳሩ በራሱ ከሌላው ሳር አይለይም፤ ከብት የሚግጠው፣ ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ነው። ክብሩ የሚመጣው ከያዘው እጅና ከቆመለት ነገር ነው። የሥዕል ሊቃውንት ስለ ዋንዛ ሳንቃ የሚሉትም ይህንኑ ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጥግ ባለችው ቡራዩ ጥቃት ደረሰ፤ ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። አርባ ምንጭ ውስጥ ከሟቾቹና ከተፈናቀሉት ጋር የሚዛመዱ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙ የጋሞ ሸማኔ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳልና። ሐዘኑ ቁጣ ሆነ። ወጣቶች በከተማዋ በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ ሊነሡ ተንቀሳቀሱ። የጋሞ ሽማግሌዎች ያን ጊዜ መንገድ ላይ ወጡ። እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው፣ ከወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ።

የዚያን ቀን ፎቶግራፍ ያላየ ጥቂት ነው። ጋቢ የለበሱ አዛውንት በጉልበታቸው አስፋልቱ ላይ ናቸው፤ ሳሩ ከእጃቸው ወደ ፊት ተዘርግቷል። በእኛ አገር ልጅ ነው የአባትን ጉልበት የሚስመው። አባት ለልጁ ሲንበረከክ ልጁ የሚያደርገውን ያጣል፤ መሬት ተከፍታ የምትውጠው ይመስለዋል። ወጣቶቹ ተመለሱ። አባቶቻቸውን ረግጠው ሊያልፉ አልቻሉም።

ከዚያ ወዲህ ያ ምስል ራሱ ሥዕል ሆነ። ስለ ሰላም በሚነገርበት መድረክ ይነሣል፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ያለው የጋሞ ዲንጉዛም ከበፊቱ ይበልጥ በየአደባባዩ ይለበሳል። ደስ ይለኛል፤ ስጋትም አለኝ። ዲንጉዛ ለብሶ ፎቶ መነሣት ቀላል ነው፤ በሐዘን መካከል አስፋልት ላይ መንበርከክ ግን ምክር፣ የዕድሜ ልክ ልማድና ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል።

የጋሞ ሕዝብ ዛሬ በአብዛኛው ፕሮቴስታንትና ኦርቶዶክስ ነው። ወንጌላውያኑ ለሥዕል አይሰግዱም፤ ከመካከላቸው የአባቶችን ወግ ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ የሚሸሽም አለ። ክርክሩ የእምነት ነውና በአንድ መጣጥፍ አይፈታም፤ መፈታትም የለበትም። ያን ቀን ግን ሳሩ የተዘረጋው ለሁሉም ነበር፤ ከተመለሱት ወጣቶች መካከል የትኛው ኦርቶዶክስ፣ የትኛው ፕሮቴስታንት እንደ ነበር የጠየቀ የለም። ባጃጅ ነጂው ልጅ ስለ ሳሩ ሳነሣበት ድምፁ ተለወጠ። እሱማ የአባቶቻችን ነው ብሎ፣ ድልድዩን እስክንጨርስ ድረስ ዝም አለ።

ለሥዕሎቻችን መጠበቂያ አለን ማለት ይቻላል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የገበታ ሥዕሎች ተሰብስበው ይታያሉ። በየገጠሩ ያላችሁ ካህናትና ሰበካ ጉባኤዎች፣ ጢስ ያጠቆረውን የድሮ ሥዕል አውርዳችሁ በምትኩ የሚያብረቀርቅ የወረቀት ኅትመት ከመስቀላችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ጊዜ አስቡ፤ ሰው መክሩ።

ሳሩ ግን ሙዚየም የለውም፤ ጠዋት ታጭዶ ማታ ይደርቃል። ያን ቀን የተንበረከኩት አባቶች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ከመውጣታቸው በፊት ምን ተማከሩ? ከመካከላቸው መጀመሪያ እንንበርከክ ያለው ማን ነው? ሳሩን ሲያጭዱ፣ ሲይዙ፣ ሲዘረጉ በጋሞኛ የተናገሩት ቃል ምንድን ነው? ይህ ሁሉ ያለው በአፋቸው ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ግቢ በኩልፎ ስም ሰይሟል፤ ተማሪዎቹ መቅጃ ይዘው ወደነዚህ አባቶች ቤት ይሂዱ፣ ዘንድሮውኑ ይሂዱ።