ሚያዝያ 27 በሆላንድ አገር

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሆላንድ ሕዝብ በዓላት ነው። ሆላንድ፣ በሌላ ስሟ ኔዘርላንድ፣ በአውሮፓ የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እንናገራለን።

ሚያዝያ 27 ለእኛ ምን ቀን ነው? የአርበኞች የድል ቀን ነዋ! በ1933 ዓ.ም. በዚህ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። ሆላንዶችም የነፃነት በዓላቸውን የሚያከብሩት በዚሁ ቀን ነው። ቀኑ የገጠመው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ነገሩ ግን ይመሳሰላል፤ እነሱንም የባዕድ ጦር ወርሯቸው ነበር።

ግንቦት 2 ቀን 1932 ዓ.ም. የናዚ ጀርመን ጦር ሆላንድን ወረረ። በአምስተኛው ቀን ሮተርዳም የምትባለውን የወደብ ከተማ በአውሮፕላን ደበደበ። መሐል ከተማው ነደደ። ብዙ መቶ ሰው አለቀ። በማግሥቱ የሆላንድ ጦር እጁን ሰጠ። ንግሥቲቱ ዊልሄልሚናም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደው ነበር።

ወረራው አምስት ዓመት ያህል ቆየ። ናዚዎች አይሁዶችን እየለቀሙ በባቡር ጫኑና ወደ መግደያ ሰፈሮች ላኩ። ከሆላንድ አይሁዶች ከ100,000 በላይ ተገደሉ።

በ1937 ዓ.ም. መጀመሪያ የደቡቡ ክፍል ነፃ መውጣት ጀመረ። በስደት የነበረው መንግሥት የባቡር ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ጠራ፤ ሠራተኞቹም አቆሙ። ጀርመኖች በዚህ ተናደው ወደ ምዕራቡ ክፍል እህል እንዳይገባ ከለከሉ። ክረምቱም ከበደ፤ ጀልባ የሚሄድበት ቦይ ሁሉ በረዶ ሆነ። ታዲያ ሕዝቡ ምን በላ? ቱሊፕ የሚባለውን አበባ እንደ ሽንኩርት ያለውን ሥሩን እየቆፈረ ቀቅሎ በላ። ወደ 20,000 ሰው በረሀብ ሞተ። ያንን ጊዜ እስከ ዛሬ «የረሀብ ክረምት» ይሉታል።

በሚያዝያ መጨረሻ ቦምብ ይጥሉ የነበሩ የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ምግብ ይጥሉላቸው ጀመር። ሚያዝያ 27 ቀን ዋገኒንገን በምትባል ከተማ የካናዳው ጄኔራልና የጀርመኑ አዛዥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የጀርመን ጦር እንዴት እጁን እንደሚሰጥ ተነጋገሩ። ወረራው በዚህ አበቃ።

በዓሉ እንዴት ይከበራል? መጀመሪያ ሐዘን፣ ከዚያ ደስታ ነው። ሚያዝያ 26 የሙታን መታሰቢያ ነው። ባንዲራ ዝቅ ብሎ ይውለበለባል። ልክ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን አገሩ በሙሉ ለሁለት ደቂቃ ጸጥ ይላል። ባቡር ይቆማል፤ መኪናም ይቆማል። ንጉሡ በአምስተርዳም ዳም አደባባይ በሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ። በዚያው ሌሊት ዋገኒንገን ላይ ችቦ ይለኮሳል። ወጣቶች ችቦውን ይዘው እየሮጡ ወደየከተማቸው ያደርሳሉ። ሲነጋ ሙዚቃና ጭፈራ ነው።

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። ሆላንድ በዚህ ጦርነት የተወጋች ናት። ነገር ግን የወጋችበትም ታሪክ አለ። በደቡብ አሜሪካ ሱሪናም የምትባል አገር በሆላንድ ትገዛ ነበር። በዚያ አፍሪካውያን በባርነት የሸንኮራና የቡና እርሻ ያርሱ ነበር። ባርነቱ በ1855 ዓ.ም. በሕግ ተሻረ። ይሁን እንጂ ካሣ የተከፈለው ለማን ይመስላችኋል? ለባሪያዎቹ አይደለም፤ ለጌቶቻቸው ነው! በአንድ ሰው 300 ጊልደር ተከፈላቸው። ነፃ ወጡ የተባሉት ግን በሱሪናም ገና አሥር ዓመት በግዴታ ውል እንዲሠሩ ታዘዙ።

የእነሱ ልጆች ሰኔ 24 ቀንን «ኬቲ ኮቲ» ብለው ያከብራሉ። «ሰንሰለቱ ተበጠሰ» ማለት ነው። ብዙ ሆላንዶች ይህን ቀን ለረጅም ጊዜ አያውቁትም ነበር። በ2015 ዓ.ም. ግን በታኅሣሥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ በሰኔ 24 ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው በአምስተርዳም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታ የሞተን አያስነሣም። ቢሆንም የወጋው እንዳይረሳ ያደርጋል።

እንግዲህ በዓል ማለት መብላትና መጠጣት ብቻ አይደለም። በዓል ሕዝብ የሚያስታውሰውን የሚያሳይበት ቀን ነው። የማያስታውሰውንም ያሳያል። እስቲ በየቤታችሁና በየመማሪያ ቦታችሁ ተጠያየቁ፤ የእኛ በዓላት የማንን ድካም ያስታውሳሉ? የማንንስ ረስተዋል? ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት። አሁን መጻፍ ችላችኋልና።

እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።