ዓለም አቀፍ ስፖርታዊ ውድድር ለማስተናገድ የሚሰጥ የመንግሥት ዋስትናና የሚያስከትለው ግዴታ

ዓለም አቀፍ ስፖርታዊ ውድድር የማዘጋጀት መብት የሚሰጠው ለስፖርት ፌዴሬሽን ወይም ለአንድ ከተማ ቢሆንም፣ ወጪውና አገልግሎቱ እንደሚሟላ በመጨረሻ የሚያረጋግጠው የአገሪቱ መንግሥት ነው። ይህ ማረጋገጫ የመንግሥት ዋስትና ይባላል። ዋስትናው በሚፈረምበት ዕለት ከግምጃ ቤት የሚወጣ ገንዘብ ላይኖር ይችላል፤ ሆኖም በቀጣይ ዓመታት በጀት ላይ የሚያርፍ ግዴታ ይፈጥራል።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም አስተናግዳለች። በ1954 ዓ.ም የተካፈሉት 4 ቡድኖች ብቻ ሲሆኑ ዋንጫውን ያነሣችውም ኢትዮጵያ ነበረች። በተከታዮቹ ሁለት ዝግጅቶች 8 ቡድኖች የተሳተፉ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በተጨማሪ በ1960 አስመራ፣ በ1968 ደግሞ ድሬዳዋ ጨዋታዎችን አስተናግደዋል። ከ2011 ዓ.ም ወዲህ የተሳታፊዎቹ ቁጥር 24 በመድረሱ የሚያስፈልጉት ስታዲየሞች፣ ሆቴሎችና የመጓጓዣ አገልግሎቶች በዚያው መጠን ጨምረዋል።

አገሪቱ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮናን፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም ደግሞ የሴካፋ ዋንጫን አዘጋጅታለች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) እ.ኤ.አ የ2020 የቻን ውድድር አስተናጋጅነትን በ2010 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ቢሰጥም፣ ዝግጅቱ ባለመጠናቀቁ ውድድሩ በ2011 ዓ.ም ወደ ካሜሩን ተዛውሯል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጥቅምት 2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ በተካሄደው የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ የ2029 የአፍሪካ ዋንጫን የማስተናገድ ፍላጎት እንዳላት ገልጸዋል።

የዋስትናው ይዘት

የኦሊምፒክ ቻርተር የአመልካች አገር መንግሥት ቻርተሩን እንደሚያከብር በሕግ አስገዳጅ የሆነ ሰነድ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን (ፊፋ) በበኩሉ የመግቢያ ቪዛና የሥራ ፈቃድን፣ ከታክስና ከቀረጥ ነፃ መሆንን፣ የውጭ ምንዛሪ ዝውውርን፣ ጸጥታን እንዲሁም የንግድ መብት ጥበቃን የሚመለከቱ ማረጋገጫዎችን ይቀበላል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ ለ2010 የዓለም ዋንጫ 17 ዋስትናዎችን የሰጠች ሲሆን፣ እነዚህን ለማስፈጸም እ.ኤ.አ በ2006 ሁለት ልዩ ሕጎችን አውጥታለች።

ከእነዚህ መካከል ከባዱ የገንዘብ ጉድለትን የመሸፈን ዋስትና ነው። እ.ኤ.አ የ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ለዚህ በምሳሌነት ይጠቀሳል። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ጉድለቱን ለመሸፈን ባለመስማማቱ ኃላፊነቱ በኩቤክ ግዛትና በከተማዋ ላይ ወደቀ፤ በዋናነት ከስታዲየሙ ግንባታ የመጣው ዕዳም ከትምባሆ በሚሰበሰብ ታክስ ጭምር ሲከፈል ቆይቶ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ በ2006 ነበር። በአንጻሩ የሎስ አንጀለስ ከተማ ለ1984ቱ ውድድር ከዕዳ ተጠያቂነት ነፃ እንዲሆን ተደራድሮ ተሳክቶለታል። ውድድሩም በነባር ስታዲየሞች ተካሂዶ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ አስገኝቷል።

የሕግ መሠረት

በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትናን ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ ይደነግጋል። በሕጉ መሠረት ዋስ ማለት ባለዕዳው ግዴታውን ሳይፈጽም ቢቀር በእርሱ ፈንታ ለመፈጸም የሚገባ ሰው ነው። አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበትና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተወሰነ ዋጋ እንደማይኖረው ያመለክታል።

ይህ ድንጋጌ ለመንግሥት ሠራተኞች ጠቃሚ መለኪያ ነው። የስፖርት ድርጅቶች የሚያቀርቧቸው ሰነዶች በአብዛኛው የውጭ ሕግን መሠረት የሚያደርጉ ሲሆን፣ የኦሊምፒክ አስተናጋጅ ከተማ ውል የሚገዛው በስዊዘርላንድ ሕግ ነው። በመሆኑም የአገር ውስጥ ሕግ የሚጠይቀው የገንዘብ ጣሪያ በሰነዱ ውስጥ በራሱ አይገኝም፤ በድርድር መግባት ይኖርበታል።

የፌዴራል መንግሥትን በጀት የማጽደቅ ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ተደንግጓል። በተጨማሪም ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጭ የሚበደሩበትን ሁኔታ በሕግ የሚወስነው የፌዴራል መንግሥት መሆኑን አንቀጽ 51 ያስቀምጣል። ስለዚህ በክልል ከተማ የሚገኝ ስታዲየም በውድድሩ ዕቅድ ከተካተተ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በፌዴራልና በክልል መካከል አስቀድሞ በጽሑፍ መለየት ይኖርበታል።

የምንዛሪ ለውጥም ሊታይ የሚገባው ነው። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስታደርግ፣ ቀደም ሲል 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚህ አስቀድሞ በዶላር የተገባ የ10 ሚሊዮን ዶላር ግዴታ ከ570 ሚሊዮን ብር ገደማ ተነሥቶ ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ይሆናል ማለት ነው።

የከተማ አገልግሎትና የቆሼ ተሞክሮ

ከአስተናጋጅ ከተማ የሚጠበቁ ግዴታዎች ውኃን፣ መጓጓዣንና የደረቅ ቆሻሻ አወጋገድን ይጨምራሉ። በአዲስ አበባ ለዚህ ቀዳሚው ማመሳከሪያ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቆሼ ነው። ይህ ስፍራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ቆይቷል።

ቆሼን እንዲተካ በሰንዳፋ የተገነባው አዲስ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም ሥራ ቢጀምርም፣ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሥራው ተቋርጦ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም በደረሰው የቆሻሻ ክምር መደርመስ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡ ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የሐዘን ቀናት ታውጀዋል። ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም ተመርቋል።

ከዚህ ተሞክሮ እንደሚታየው፣ አንድ አገልግሎት ግንባታው ስለተጠናቀቀ ብቻ ተረጋግጧል ማለት አይቻልም። የነዋሪው ስምምነት፣ ካሳና የሥራ ማስኬጃ በጀት ካልተሟሉ በሰነድ የተገባው ቃል ሳይፈጸም ይቀራል፤ ጉዳቱም በቅድሚያ የሚያርፈው በአቅራቢያው በሚኖረው ሕዝብ ላይ ነው። ለውድድር የሚሰጥ የከተማ አገልግሎት ዋስትናም ከነዋሪው መደበኛ አገልግሎት ተቀንሶ የሚሟላ መሆን የለበትም።

ከፊርማ በፊት የሚጣሩ ነጥቦች

ሰነዱን የሚመረምር መሥሪያ ቤት ግዴታው የገንዘብ ጣሪያና የጊዜ ገደብ ያለው መሆኑን፣ የሚከፈልበትን የገንዘብ ዓይነት፣ ክርክር ቢነሣ የሚታይበትን ሕግና ዳኝነት እንዲሁም ውድድሩ ቢሰረዝ ወይም ወደ ሌላ አገር ቢዛወር የወጣው ወጪ የሚተካ መሆኑን ማጣራት ይጠበቅበታል። ከሁሉም በላይ ግዴታው በየዓመቱ በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚያዝ ታውቆ ለሚያጸድቀው አካል አስቀድሞ መቅረብ አለበት።