«ጥናት»

«ጥናት» የተባለው ቃል ሥሩ የግእዙ «ጸንዐ» በመሆኑ፣ መጻሕፍት ከመመርመር አስቀድሞ የሚያመለክተው ብርታትንና ጽናትን ነው፤ ስለዚህም ለቅሶ የደረሰ ሰው ኀዘንተኛይቱን «ጥናቱን ይስጥሽ» ሲላት፣ ተማሪም «ጥናት አለብኝ» ሲል ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ።

ሐኪም ለገበሬው ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራ ዙሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ የጤና ምርምር ሲጀምር፣ ሁለቱ ትርጓሜዎች በአንድ ደጃፍ ተገናኙ። መዝጋቢው ቤት ለቤት እየዞረ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ፈለሰ ይጽፋል፤ ሕፃን በሞተበት ቤት ግን፣ ሐኪም የጻፈው የሞት ማስረጃ አይገኝምና፣ ሕፃኑን ትኩሳት ይዞት እንደ ነበረ፣ ይስል እንደ ነበረ፣ ተቅማጡም ስንት ቀን እንደ ቆየበት ከእናቲቱ አጠገብ ተቀምጦ ይጠይቃል፤ የሞቱንም ምክንያት ሐኪሞች ከመልሷ አንብበው ይወስናሉ። እንዲህ ያለው ጥያቄ፣ በቅጹ ላይ ስፍራ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ «ጥናቱን ይስጥሽ» ሳይሉ የሚጀመር አይመስለኝም።

አንድ ሰሞን ቅጽ አስሞልቶ ወደ ከተማ የሚመለሰውን ሥራ ግን «ጥናት» ከማለት «ጥየቃ» ማለት ይሻላል። የቡታጅራው መዝገብ ከ20 ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ፤ በዚያው አካባቢም ኋላ ከባድ የአእምሮ ሕመምን ለመመርመር ከ68,000 በላይ ሰዎች በየቤታቸው ተጠየቁ።