የሳንባ ምች ክትባት፦ ለምን ሦስት ጊዜ?

ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር ያስከትላል። ከ100 በላይ ዓይነቶች ስላሉት፣ ሰውነት ለአንዱ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ሌላውን ላይከላከል ይችላል። ክትባቱ የሚያነጣጥረው ከባድ ሕመም በሚያስከትሉት ዋና ዋና ዓይነቶች ላይ ነው።

ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሰውነት የባክቴሪያውን የስኳር ሽፋን ለብቻው በደንብ አይለይም፤ ስለዚህ ሽፋኑ ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ይሰጣል። ተደጋግሞ ሲሰጥ መከላከያው ይጠነክራል።

በኢትዮጵያ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በነፃ ይሰጣል። ከመካነ ሰላም ርቀው በደጋው ቀበሌ የሚኖሩ ከሆነና ቀጠሮ ካለፈብዎ አይተዉት፤ ካርዱን ይዘው ይሂዱ፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

የተከተበ ልጅም ቢሆን ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።